«ጎበዝ» ያለው ማን ነው? ለማን?

የሄድኩ ሌሊት አባቴ አልተኛም፤ አልተነሳምም። መደቡ ላይ ጋቢውን እስከ ጭንቅላቱ ተከናንቦ ተጋድሟል፤ እኔ አንድ ዕቃ ባነሳሁ ቁጥር ከጋቢው ሥር «እህ፣ እህ» ይላል። የጫማዬን ክር ሳስር «እህ»። የቀለም ብሩሾቼን በጨርቅ ስጠቀልል «እህ፣ እህ»። እናቴ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥራ፣ ታናሽ እህቴ ትርንጎ ባትሪ ይዛ በር ላይ ይጠብቁኛል። የቡሬው መኪና ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነሳው።

«አባባ፣ ልሄድ ነው» አልኩ።

ጋቢው ትንሽ ተነቃነቀ። «በሩን ገጥመህ ውጣ፤ ጥጃው ይገባል» አለኝ።

ምርቃት የለ፣ እርግማን የለ። በሩን ገጥሜ ወጣሁ። ከዚያች ቃል በኋላ ለአምስት ወር ከአባቴ ጋር አልተነጋገርንም።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ለቀራችሁም፣ እንደኔ ከደጋ ወርዳችሁ አሶሳም ባምባሲም ጉባም ለከረማችሁም ነው። ስደት ሲባል የግድ ባሕር መሻገር የሚመስለው ሰው አለ። እኔ የተሻገርኩት ዓባይን ብቻ ነው፤ እሱንም በድልድይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ የጎረቤቴን ዶሮ እግር በጭኔ ይዤ። መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ሳምንት ከቡሬ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ከዚያ መንዲ እያልኩ ሦስት ቀን ሄድኩ። በእያንዳንዱ ከተማ አንድ ልብስ አወለቅኩ። ከቤት በሹራብና በጋቢ የወጣሁ ሰው አሶሳ የደረስኩት በካናቴራ ነው።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ማረስ ጀመርኩ፤ የቀረውን በተዋስኩት መጽሐፍ ለብቻዬ ተማርኩት። የፊደል አጣጣልም ያስተማረኝ የለም። የዘይት ጀሪካንና የስኳር ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያየሁ፣ በከሰል እየቀዳሁ ነው የለመድኩት። ጉባ ግድቡ ላይ ሲሠራ የነበረ ያገሬ ልጅ «አሶሳ በየሳምንቱ ሱቅ ይከፈታል፤ ታፔላ የሚጽፍ ግን የለም» አለኝ። ታፔላው እንጀራዬ ነው። ልቤ ግን ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበር፤ በግል ተመዝግቤ መፈተን። አገር ቤት ሆኜ ይህን እንደማላደርገው አውቃለሁ፤ ምዝገባው ሲመጣ እርሻው ይመጣል። አባቴ ሐሳቤን ሲሰማ «ማሳውንስ ማን ሊፈተንበት ነው?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከብሩሾቼ ጋር አንድ ደብተር ይዤ ነበር። ለሰው አሳይቼው አላውቅም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ የልጆቹ ደብተር ላይ «ጎበዝ» ይጽፉ ነበር። የኔ ላይ የሚጽፉት ሁልጊዜ «በርታ» ነው። (ኋላ በርታ የሚባል ሕዝብ አገር እንደምኖር ሲነገራቸው «የት እንደሚደርስ ያኔ ነው ያወቅኩት» ብለው ሳቁ አሉ።) ያቺን ያላገኘኋትን ቃል ያኔ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቃሏ በተነገረች ቁጥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ማን አለ፣ ለማን፣ የት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አልመዘግብም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት የደብራችን መሪጌታ ናቸው። «የድሮ ሰው ጎበዝ ሲል የትምህርት ነገር አልነበረም» አሉኝ። «ዕድሜ ነው። ልጅነት አለ፣ እርጅና አለ፣ መሃል ያለው ጉብዝና ነው። ጢም ያወጣ፣ ጦር መሸከም የሚችል ሁሉ ጎበዝ ይባላል፤ ሰነፍ ቢሆንም።» ይህ በጣም አጽናናኝ። ለካ ዝም ብሎ ጢም ማብቀል ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ገጽ የአያቴ ነው። መንግሥት ሲወድቅና አዲሱ ገና ሳይደርስ፣ መንገዱ ሲከፋ፣ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ የጎበዝ አለቃ ይመርጥ ነበር። ገበያውን የሚያስጠብቅ፣ የጠፋ ከብት የሚያፈላልግ። አያቴ በዚህ ተመርጠው ሹመቱ ሳይወርድላቸው ሞቱ፤ አዲሱ መንግሥት ቢመጣም «ይበቃዎታል» ያላቸው ሰው አልነበረም። አባቴ ዛሬም የደቦው አለቃ ነው። አረም ላይ «ጎበዝ!» ብሎ ሲጣራ ሠላሳ ሰው ቀና ይላል።

ሦስተኛው ገጽ የበሬያችን የቦራ ነው። አባቴ ሲያርስ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ አንበሳ!» ይለዋል። በሬው ቃሏን ቀኑን ሙሉ ሲጠግባት ከኋላ ጓል የምከሰክሰው እኔ አንድ ቀን አልሰማኋትም። አባቴ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ ጋ ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ ነውር ነው፤ ዓይን ይበላዋል፣ ወይም ልቡ ያብጣል። ልጅ የሚመሰገነው በሌለበት ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ነበርኩ።

ወደ አሶሳ ልመለስ። እኛ ጋ ማንጎ የሚገዛው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ነው፤ ሁለት ፍሬ በፌስታል። እዚህ በረገፈው ላይ ይረማመዱበታል። ልጆች ይወራወሩበታል፣ ፍየል ጠግባ ትታ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን አንድ ወዳጄ ጋ ገብቼ ቀይ መጠጥ በብርጭቆ ሲቀርብልኝ የመምህሬ እስክሪብቶ ቀለም መሰለኝ። ከርከዴ ነው፤ ከቀይ አበባ የሚፈላ። አሁን ያለሱ ምሳ አልበላም። የሚዝለገለገው የባምያ ወጥ ግን ጊዜ ወሰደብኝ፤ በገንፎ ጠቅልዬ ሳልውጠው እሱ ቀድሞ ይወርዳል።

ቤት ያከራዩኝ ሐጃ ዘይነብ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ የሣር ቤትና ሁለት የቆርቆሮ ክፍል ያላቸው የበርታ ሴት። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ለወንድም ለሴትም «ነይ» ነው የሚሉት። የመጀመሪያ ቀን «ነይ፣ ግቢ» ሲሉኝ ከኋላዬ የቆመች ልጅ ካለች ብዬ ዞሬ አየሁ። በሦስተኛው ቀን «መጣሁ» እል ጀመር። ፍርዱ እኩል ነው፤ እኔም በሳቸው ቋንቋ ሰላምታ ስሞክር ጎረቤት ጠርተው ነው ያሳቁብኝ።

ክፍሉን ሲያሳዩኝ «ጎበዝ ክፍል ነው» አሉ።

ደብተሬን አሰብኩ። ክፍል ጎበዝ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቀና ስል በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማይ ይታያል።

«ሐጃ፣ ዝናብ አያስገባም?»

«ያስገባል።»

«ታዲያ ጉብዝናው ምኑ ላይ ነው?»

«ይታገላል፣ ወለዲ!» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዝናብ መጣ፣ ይታገላል። ትንሽ ይገባል፣ ብዙ አይገባም። ምንም የማያስገባ ቤት እሱ ተማም ነው። ተማም ቤት ኪራዩ ሌላ ነው።»

ተማም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሙሉ፣ እንከን የሌለው ማለት። ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መሪጌታም መምህሬም እንደዚህ አድርገው አላስረዱኝም። ሐጃ ዘንድ ያለቀ ነገር ተማም ነው፤ ጎበዝ የሚባለው ገና የሚታገለው ነው። ማን አለ፦ ሐጃ ዘይነብ። ለማን፦ ለቆርቆሮ። የት፦ ሥሩ ቆመን።

ታፔላው ሄደልኝ። ለአንድ ስጋ ቤትና ለሁለት ፀጉር ቤት ጻፍኩ። የፈተናው ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የነዋሪነት መታወቂያ ጠየቁኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ታደሰ ይባላል፤ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ፣ ማኅተሙን በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ያሰረ ሰው ነው።

«ስም?»

«ይበልጣል።»

«ከማን?»

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት።

«ቀልዴን ነው። ምን ፈለግህ?»

«መታወቂያ ላወጣ።»

«የድሮው መታወቂያህስ?»

«የለኝም። አውጥቼ አላውቅም።»

«ሳትታወቅ ነው እስከ ዛሬ የኖርከው?»

«ሁሉም ያውቀኝ ነበር፤ ለዚያ ነው ያላወጣሁት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መሸኛ ይዘሃል? ከመጣህበት ቀበሌ?»

«አልያዝኩም።»

«ማን ሸኘህ ታዲያ?»

«እናቴና እህቴ፤ እስከ መኪናው።»

«በማኅተም ነው የምልህ። መሸኛ ከሌለህ እዚያም አልወጣህም፣ እዚህም አልገባህም። መንገድ ላይ ነህ ማለት ነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው መታወቂያ አንሰጥም። መሸኛውን አምጣ፤ እዚህ የሚያውቁህ ሦስት ነዋሪዎችም ይመስክሩልህ።»

መሸኛ ለማውጣት የቤቱ አባወራ ቀበሌ ቀርቦ መፈረም አለበት። አባወራው ደግሞ አንድ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ የተኛው። የአሶሳ ሙቀት ያን ቀን ብቻ አልተሰማኝም።

ምስክሮቹን ልፈልግ እያልኩ የሐጃ ጣራ መጣ። የሣር ቤታቸውን የሽመል፣ ማለት የቀርከሃ፣ ግድግዳ ምስጥ በልቶት ሊወድቅ ሆነ፤ ጣራው ግን ገና አዲስ ነው። ስለዚህ አጠገቡ አዲስ ግድግዳ ተሠራ፤ ጣራው እንዳለ ተነስቶ እዚያ ላይ ይቀመጣል። እኔ ነገር ቢዛነፍ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከዋዜማው የሁለቱንም ዙሪያ በገመድ ለክቼ፣ በየጣራው ወጋግራና በየግድግዳው ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩ። አምስት አምስት ላይ፣ ስድስት ስድስት ላይ እንዲያርፍ። ሐጃ ቁጥሩን አይተው «ጣራዬን ልትሸጪ ነው?» አሉኝ።

እሁድ ጠዋት የሰፈሩ ወንድ ተሰበሰበ። በርታው፣ ከባምባሲ የመጣው ኦሮሞ፣ በደርግ ጊዜ ሰፍረው የቀሩት ወሎዬዎች። ሁሉም ጣራው ሥር ገባ፤ ሁሉም በየቋንቋው ያዛል። አንዱ «አንሳ» ሲል ሌላው «ቆይ» ይላል፤ ጣራው በአንድ በኩል ይነሳል፣ በሌላ በኩል ይቀመጣል። ዳር ቆሜ ቁጥሬ እንዳይፋቅ ስፈራ፣ ሳላስበው ከሆዴ የአባቴ ድምፅ ወጣ።

«ጎበዝ!»

ጸጥ አለ። በሕይወቴ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ቃሉ የገባውም ያልገባውም ዞሮ አየኝ።

ጋሽ ይማም፣ ልጅ ሆነው ከወሎ ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጡ የሽመል ነጋዴ፣ ከጣራው ሥር አንገታቸውን አወጡ። «ማነው የጠራ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ አለው! ና ግባ ከፊት።»

«እኔ እንኳ ዝም ለማሰኘት ነው።»

«ወላሂ፣ ጎበዝ ብለህ ጠርተህማ ዳር አትቆምም! እኛ እዚህ ጫካ ላይ ሲያራግፉን መንግሥት ሩቅ ነበር፤ ማን እንጨት እንደሚቆርጥ፣ ማን ሌሊት እንደሚጠብቅ የሚናገር የለም። ጎበዝ ብሎ የጠራ እሱ አለቃ ነው ተባባልን። ሥራው እስኪያልቅ አይወርድም። አብሽር፣ ግባ!»

ዝም ለማሰኘት ብዬ ተሾምኩ። ከፊት ገባሁ፤ «አንድ!» ስል «ሆ!» ይላሉ፣ አንድ እርምጃ እንሄዳለን። ቁጥር ስለሆነ የማይገባው የለም። ግማሽ መንገድ ላይ ጣራው ወደ ኋላ አዘነበለ። ዞሬ ሳይ አንድ ሽርጥ ያገለደመ፣ ደረቱ ባዶ ወፍራም ሰውዬ ዘጠኝ ቁጥርን በሁለት ጣት ይዟል።

«አንተ ባለ ሽርጡ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጣራው ነው የሚሸከምህ ወይስ አንተ ነህ? ትከሻህን አግባ!»

ሰውዬው ደንግጦ ትከሻውን አገባ። ሕዝቡ ከሳቁ የተነሳ ጣራውን ሊጥለው ደረሰ። ጣራው ተቀመጠ፤ አምስት አምስት ላይ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ላይ። ሐጃ ዙሪያውን ሄደው አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ተማም!» አሉ። ለጣራው ነው እንጂ ለኔ አይደለም።

ሰኞ ሐጃንና ጋሽ ይማምን ይዤ ቀበሌ ስገባ፣ አቶ ታደሰ ኮቱን አድርጎ ትከሻውን ያሻል። አየኝ። አየሁት። ባለ ሽርጡ ነው!

«እንዴት ነው አለቃ?» አለኝ። «ዛሬስ የት ልግባ?»

«አቶ ታደሰ፣ ወላሂ አላወቅኩዎትም» አልኩ፤ ወላሂ ማለት ያን ቀን ጀመርኩ።

«ኮት ሳልለብስ የሚያውቀኝ የለም። ምስክሮችህ የት አሉ?»

«እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው አልተገኘም።»

«እኔ አውቅሃለሁ፤ ትከሻዬም ያውቅሃል። ግን እኔ ከመሰከርኩ ማኅተሙን ማን ይመታል?»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ምክትሌ አለ። ፈቃድ ላይ ነው። ቆይ ልጥራው፤ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቱ ቀዝቀዝ አለ። «ምስክሩ ይኸው ሞላ። መሸኛውን ግን እኔም ሐጃም ልንፈጥርልህ አንችልም። ምዝገባው ሊዘጋ ስንት ቀረው?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«አባት አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«እና ምን ትጠብቃለህ?»

ለአባቴ መደወል አልቻልኩም። ለትርንጎ ደወልኩ። የመሸኛውን ነገር ነገርኳት፤ የጣራውንም ነገርኳት፤ ከዘጠኝ ቁጥር ጋር። እስክታስል ሳቀች። «ለአባባ ልንገረው?» አለች። «መሸኛውን ንገሪው፤ ሌላውን ተይው» አልኳት። ትርንጎን የምታውቁ ታውቋታላችሁ።

አራት ቀን ሄደ። አምስት። በሰባተኛው ቀን የመኪናው ረዳት ደውሎ መናኸሪያ ጠራኝ። አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ መሃሉ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት። ዝናብ እንዳይነካው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። መናኸሪያው ውስጥ፣ ሰው እየገፋኝ፣ ቆሜ አነበብኩት። «ነዋሪነቱን የለቀቀበት ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ «ለትምህርት» ይላል። ሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የአባቴን አውራ ጣት አውቀዋለሁ፤ የማጭድ ጠባሳ መሃሉን ሰንጥቆታል። አሻራው ላይ ያ ስንጥቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰው ገፋኝ፤ ዳቦ ቆሎው ተበተነ። ለቅሜ ጨረስኩ፣ ለመልቀም ማጎንበሴም ጥሩ ሆነልኝ።

መታወቂያው ወጣ። ምክትሉ በነጠላ ጫማ መጥቶ ማኅተሙን መታ። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ተመዘገብኩ፤ የተፈታኝ ቁጥሬን በቀይ ቀለም ክፍሌ ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ሌላ ምክንያት አጣሁና ለአባቴ ደወልኩ። የበቆሎ አረም ጊዜ ነው፤ ደቦ ላይ እንደሚሆን ገምቻለሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ይበልጣል።»

«እ።» የመኮትኮቻው ድምፅ ይሰማል። «ዝናብ አለ?»

«አለ። እናንተ ጋስ?»

«አለ።»

«ወረቀቱ ደረሰኝ።»

«ማኅተሙ አልጠፋም?»

«አልጠፋም። ተመዘገብኩ።»

«እ። በል፣ ሰው ይዣለሁ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተው። አባቴ ስልክ መዝጋት አያውቅበትም፤ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚዘጋ ይመስለዋል። ልዘጋው እጄን ሰደድኩ። የሰው ድምፅ ሰማሁና ተውኩት።

«ማነው ጋሼ? ያ የኮበለለው ልጅ ነው?»

«ማነው የኮበለለ?» አለ አባቴ። ድምፁ በጨርቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይቆጣል። «በመሸኛ የሄደ ልጅ ነው! ወረቀቱን እኔው ፈርሜ የላክሁት። ደግሞ ሰው አገር ገብቶ፣ ጎበዝ ብሎ ጠርቶ፣ የቀበሌውን ሹም በሽርጥ ጣራ አሸክሟል፤ ትርንጎን ጠይቃት! ወጋግራውን ሁሉ ቆጥሮ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከአያቱ የወጣ ጎበዝ ነው።»

አፌን በእጄ ያዝኩት። እዚያ መሆኔን ካወቀ ቃሏን መልሶ ይውጣታል። ያኔ አንድ የዘገየ ማንጎ ከላይ ቆርቆሮው ላይ ጓ ብሎ ወደቀ።

«ምን ተንኳኳ?» አለ አባቴ።

ትንፋሼን ያዝኩ። መኮትኮቻው ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፤ እሱም ስለ ቦራ ሰኮና ማውራት ቀጠለ። ስልኩን ጆሮዬ እስኪግል ያዝኩት። የማሳችንን ውኃ፣ የሰዉን ሳቅ፣ «ጎበዝ፣ ወደዚህ አስጠጉ!» የሚለውን ሰማሁ፤ ካርዴ እስኪያልቅ።

ደብተሩን አወጣሁ። ማን አለ፦ አባቴ። የት፦ የበቆሎው ማሳ፣ ከወንዙ በላይ ያለው። «ለማን» የሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። ሐጃ ከውጭ «ነይ፣ ብይ!» እያሉ ይጠሩኛል። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እዚያ ላልነበረ ሰው።